ድምፅም ይማራል
በጎልማሳነት ቁርኣን፣ አዛንና መንዙማ ለሚጀምሩ
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ሁላችንም በየቀኑ የምንጠቀምበት፣ ነገር ግን ብዙ ትኩረት የማንሰጠው የአላህ ፀጋ ነው። እርሱም ድምፅ ነው።

በየቤታችን የሚታይ ነገር አለ። ልጆች ከመድረሳ ሲመለሱ የቀሩትን ሱራ ጮክ ብለው ያሰማሉ። አባት ማሻአላህ እያለ ያዳምጣል። «አባዬ፣ አንተስ?» ሲባል ግን «የኔ ድምፅ ለዚህ አይሆንም» ብሎ ወሬ ይለውጣል። እናትም በመውሊድ ቀን ሴቶች ተሰብስበው መንዙማ ሲቀበሉ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። በጎልማሳነቱ ቃዒዳ የጀመረ ወንድም ደግሞ ተራው ሲደርስ ያፍርና በሁለተኛው ሳምንት ከሐለቃው ይቀራል። በዚህ ዓይነት ሰበብ ከቁርኣን የራቀ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ነገሩ የዜማ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው ነበር። ሰው በድምፁ አፍሮ የአላህን ኪታብ ማንበብ ሲተው ግን ጉዳዩ ከባድ ይሆናል።

አንድ ነገር በቅድሚያ እንለይ። ቁርኣን የራሱ አደብና ሕግ ያለው የአላህ ቃል ነው፤ ከመንዙማም ሆነ ከነሺዳ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ዑለማዎች ስለ ድቤና ስለ ሌሎች መሣሪያዎች የተናገሩት ደግሞ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም። ሆኖም አዛን የሚያደርገውም፣ ቁርኣን የሚቀራውም፣ መንዙማ የሚያወጣውም ሰው የሚጠቀምበት ትንፋሽ፣ ጉሮሮና ምላስ አንድ ነው። የዛሬ ንግግራችን በዚህ በጋራው ነገር ላይ ነው።

ስጦታም ትምህርትም

መልካም ድምፅ የአላህ ስጦታ መሆኑ አያጠራጥርም። አዛን እንዴት እንደሚባል በሕልሙ ያየው ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ ነበር። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያየውን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት፤ ምክንያቱም የቢላል ድምፅ ይበልጥ ያማረና የሚዘልቅ ነበር። የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪን ንባብ በሰሙ ጊዜም ድምፁን ከዳዉድ (ዐ.ሰ.) ቤተሰብ ዜማ ጋር አመሳስለው እንዳወደሱት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ነገር ግን ድምፅ ሲማርም እናያለን። ከሑነይን ዘመቻ በኋላ አንድ የመካ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአዛን ላይ ሲያፌዝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሙት። አስጠርተውም የአዛኑን ቃላት አንድ በአንድ ራሳቸው አስተማሩት፤ ዱዓም አደረጉለት። ያ ወጣት አቡ መሕዙራ ነው። በኋላ የመካ ሙአዚን ሆነ። ድምፁ ከፊትም ነበረው። ሙአዚን ያደረገው ግን ከመምህር አፍ ሰምቶ፣ ደግሞ፣ ታርሞ መማሩ ነው።

ድምፁ እንደ እነርሱ ላልሆነውስ? ቁርኣንን አቀላጥፎ የሚያነበው ከተከበሩት መላእክት ጋር መሆኑን፣ እየተቸገረና እየተደናቀፈ የሚያነበው ደግሞ ሁለት ምንዳ እንዳለው የሚገልጽ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እንግዲህ የጎልማሳ ጀማሪ መንተባተብ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ምንዳ ያለበት ሥራ ነው።

ድምፅ እንዴት ይወጣል?

በማንቁርታችን ውስጥ ሁለት ትናንሽ የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገር ይገጥማሉ። ከሳንባ የሚመጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ፤ ድምፅም የሚፈጠረው በዚህ ነው። በተራ ንግግር ጊዜ የአዋቂ ወንድ አውታሮች በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። የሴት ድምፅ የሚቀጥነው አውታሮቿ አጠር ያሉ ስለሆኑ ነው። በጉርምስና የወንድ ልጅ ድምፅ የሚሰበረውም አውታሮቹ በፍጥነት ስለሚረዝሙና ስለሚወፍሩ ነው።

አውታሮቹ የሚሰጡት ድምፅ ብቻውን እንደ ንብ ጥዝታ ያለ ነገር ነው። መልክ የሚሰጡት ከበላያቸው ያሉት ክፍተቶች፣ ማለትም ጉሮሮ፣ አፍና አፍንጫ ናቸው። የእያንዳንዳችን አፍና ጉሮሮ ቅርፅ ስለሚለያይ ድምፃችንም እንደ መልካችን ይለያያል።

ስፔናዊው የዜማ መምህር ማኑኤል ጋርሲያ በ1854 እ.ኤ.አ. በትናንሽ መስታወቶችና በፀሐይ ብርሃን ተጠቅሞ የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲሠሩ ለማየት ቻለ። ይህ ከመሆኑ ከ400 ዓመታት በፊት የሞቱት ኢማም ኢብኑል ጀዘሪ (751–833 ዓ.ሒ.) የዐረብኛ ፊደላትን መውጫ 17 አድርገው፣ ከአፍና ከጉሮሮ ባዶ ክፍል፣ ከጉሮሮ፣ ከምላስ፣ ከከንፈርና ከአፍንጫ ሥር ዘርዝረው ጽፈዋል። ተጅዊድ ማለት በከፊል ራስን የማዳመጥ ትምህርት ነው። የትኛው ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ያለ መስታወት፣ በጆሮና በስሜት ያስተምራል።

ከድምፃችን ለምን እንሸሻለን?

ብዙ ሰው ድምፁን በቴፕ ወይም በሞባይል ቀድቶ ሲሰማ ይደነግጣል። «ይህ እኔ ነኝ?» ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስንናገር ድምፃችን ወደ ጆሯችን የሚመጣው በአየርም በራስ ቅላችን አጥንትም ነው። አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ያመጣልናል። ሌላ ሰው ግን በአየር የሚመጣውን ብቻ ይሰማል፤ ቀረጻውም እንዲሁ። ስለዚህ በቀረጻ ላይ የቀጠነ የሚመስለን ድምፅ ሰዎች ዕድሜ ልካችንን ሲሰሙት የኖሩት ነው። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ብናዳምጠው እንለምደዋለን።

ሁለተኛው ሰበብ «ጆሮዬ ዜማ አይዝም» የሚለው ነው። በእርግጥ የዜማን ከፍታና ዝቅታ ለመለየት በተፈጥሮ የሚቸገሩ ሰዎች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ስላልተለማመደ ነው። ጆሮው የሰማውን ጉሮሮው እንዲከተል የማድረግ ልምምድ በ10 ዓመት እንደሚጀመር ሁሉ በ50 ዓመትም ይጀመራል። ጎልማሳ ከልጅ የሚዘገይበት ነገር አለ፤ ማስተዋሉና ትዕግሥቱ ግን ከልጅ ይበልጣል።

የትንፋሽ ነገር

ጀማሪ ሰው ሲያነብ አንገቱ ይወጠራል፣ ትከሻው ወደ ላይ ይነሳል፣ በአያው መካከል ትንፋሽ ያጥረዋል። ለዚህ ድምፁን አይውቀስ። ትንፋሽ የሚወሰደው ትከሻን በማንሳት ሳይሆን ከሳንባ በታች ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድና የጎድን አጥንቶች ወደ ጎን ሲሰፉ ነው። በጀርባችሁ ተኝታችሁ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። አየር ስታስገቡ እጃችሁ ከፍ፣ ስታስወጡ ዝቅ ይላል። ይህንኑ ቁጭ ብላችሁ፣ ከዚያም ቆማችሁ ልመዱት። ቀጥሎ በጥርሳችሁ መካከል «ስስስ» እያላችሁ አየሩን በቀስታና በእኩል መጠን አስወጡ። መጀመሪያ 10 ሰከንድ ከቆያችሁ ይበቃል፤ ቀስ በቀስ 20 ይደርሳል።

ትንፋሽ ለቁርኣን ንባብ ትልቅ ቦታ አለው። በሐፍስ ንባብ ተራው መድ 2 ሐረካ፣ መድ ላዚም ደግሞ 6 ሐረካ ይሳባል። በየሰላቱ በምናነባት በሱረቱል ፋቲሓ የመጨረሻ ቃል ውስጥ ባለ 6ቱ መድ አለ። ብዙ ጀማሪዎች እዚያ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ያልቅና ድምፁን ከጉሮሮ እየጨመቁ ያወጡታል፣ ወይም መዱን ያሳጥሩታል። መፍትሔው ከአያው መጀመሪያ በፊት በቂ አየር መውሰድና የት እንደሚቆሙ አስቀድሞ ማወቅ ነው። በቃል መካከል መተንፈስ በተጅዊድ አይፈቀድም። ትንፋሽ ካጠረ ቃሉን ጨርሶ ማቆም፣ ከዚያም ትርጉሙ ከሚያያዝበት ቦታ መልሶ መጀመር ነው። እሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በየአያው መጨረሻ እየቆሙ ያነቡ እንደነበር ገልጸዋል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አርአያ የለም።

አማርኛ የሚናገር ጉሮሮ

አማርኛ ተናጋሪ የሆንን ሰዎች በተለይ ልናስተውለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ጠ፣ ጸ፣ ቀ ስንል የድምፅ አውታሮቻችንን ለቅጽበት እንዘጋቸዋለን፤ ፊደሉም እንደ ፍንዳታ ይወጣል። የዐረብኛው ጧእ፣ ሷድ እና ቃፍ ግን እንዲህ አይደሉም። ጧእና ሷድ የምላስ ጫፍ በቦታው ሆኖ የምላስ ሥር ወደ ላንቃ ከፍ ሲል የሚወፍሩ ፊደላት ናቸው፤ ጉሮሮ አይዘጋባቸውም። ቃፍም ከምላስ መጨረሻ፣ ከእንጥል አጠገብ ይወጣል። ጧእን በእኛ ጠ የተካ ሰው ፊደሉን ከመሳቱም በላይ በየቃሉ ጉሮሮውን እየዘጋ ስለሚከፍት ንባቡ ይቆራረጣል፤ ቶሎም ይደክመዋል።

ሐ እና ዐ ደግሞ በፊደል ገበታችን ላይ አሉ፤ በአማርኛ ንግግር ግን ድምፃቸው ከሃ እና ከአ ጋር አንድ ሆኗል። ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን በአፍ መፍቻቸው ስላሏቸው በዚህ ይቀድሙናል። ሓእን ለማውጣት ጉሮሮን መፋቅ አያስፈልግም፤ ከፋቁት ኻእ ይሆናል። መነጽር ለመወልወል ሞቅ ያለ ትንፋሽ እንደምንተነፍስበት ዓይነት፣ ከጉሮሮ መካከል ጠበብ አድርጎ ማስወጣት ነው። ዐይንም ከዚያው ቦታ ይወጣል፤ እርሱ ግን ድምፅ አለው። እነዚህን በመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም፤ ከቃሪእ አፍ መስማትና መታረም ግድ ነው።

የራስን ቦታ ማግኘት

«ድምፅህን ከፍ አድርግ» ሲባል ብዙዎቻችን ሁለት ነገር እናደባልቃለን። ድምፅን ማጉላት ሌላ ነው፤ ድምፅን ማቅጠን ሌላ ነው። ጀማሪ ሁለቱን በአንድ ላይ ያደርግና ጥቂት አያ እንዳነበበ ይታነቃል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ 110ኛው አያ በሰላት ላይ እጅግ መጮህንም እጅግ ዝቅ ማድረግንም ከልክሎ መካከለኛውን መንገድ እንድንይዝ አዟል። ለጉሮሮም የሚስማማው ይኸው ነው።

የራሳችሁን ቦታ ለማግኘት ሰው ሲያወራችሁ «እም» እያላችሁ የምታዳምጡበትን ድምፅ አስተውሉ። ያ ያለ ጭንቀት የሚወጣው ድምፃችሁ ነው። ንባባችሁን ከዚያ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ጀምሩ። ዜማው እየቆየ ከፍ ስለሚል ዝቅ ብሎ የጀመረ ሰው መሄጃ ይኖረዋል።

በዚህ ረገድ ታዋቂ ቃሪኦችን መምሰል የሚያመጣው ጉዳት አለ። የግብፁ ሸይኽ ዐብዱልባሲጥ ዐብዱስሰመድ (1927–1988 እ.ኤ.አ.) በረጅም ትንፋሻቸውና ከፍ በሚለው ድምፃቸው ዓለም ያደነቃቸው ናቸው። ድምፁ ወፍራም የሆነ ወንድም እርሳቸው የደረሱበት ለመድረስ ሲጮህ ግን ያገኘው የቆሰለ ጉሮሮ ብቻ ይሆናል። ለጀማሪ የሚሻለው እንደ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ (1917–1980 እ.ኤ.አ.) ያለውን ረጋ ያለ ንባብ መከተል ነው። እርሳቸው በ1961 እ.ኤ.አ. መላውን ቁርኣን በሙረተል ንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ያስቀረጹ ሲሆን፣ ለተማሪዎች ቀስ ብለው ያነበቡት ሙዐሊም የሚባለው ቅጂም አላቸው። አንድ አያ ሰምቶ፣ አቁሞ፣ በራስ ድምፅ መድገም ትልቅ ትምህርት ነው። ቃሪኦች የሚጠቀሙባቸውን በያቲ፣ ሒጃዝ፣ ራስት፣ ሰባ የሚባሉትን ዜማዎች መማር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መዱን ከልኩ በላይ የሚያስረዝም ወይም ፊደል የሚያበላሽ ዜማ ዑለማዎች የነቀፉት ነው።

መንዙማ ለመጀመር የሚፈልግ ደግሞ በወሎም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የኖረውን የቆየ መንገድ ይከተል። መንዙማ የሚያወጣ አለ፤ የሚቀበል ጀመዓ አለ። ጀማሪው በተቀባዮቹ መካከል ተቀምጦ ይጀምር። ድምፁ ከሌሎች ጋር ስለሚቀላቀል አያፍርም፤ ጆሮውም ሳያውቀው ይሠለጥናል። እህቶችም በሴቶች ሐለቃ እንዲሁ ማድረግ ይችላሉ።

በቀን 15 ደቂቃ

ልምምዱ በቀን ከ15 ደቂቃ አይበልጥ፤ ነገር ግን አይቋረጥ።

1. ለ3 ደቂቃ ከላይ የገለጽነውን የትንፋሽ ልምምድ አድርጉ።

2. ለ3 ደቂቃ ከንፈርን ገጥማችሁ፣ ጥርስን ሳትነክሱ «ምምም» በሉ፤ በአፍንጫና በከንፈር አካባቢ ሲነዝራችሁ ይሰማችኋል። ይህ በተጅዊድ ጉንና ከምንለው ጋር ዝምድና አለው፤ ጉሮሮንም ሳያስቸግር ያሟሙቃል።

3. ለ2 ደቂቃ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ በከንፈራችሁ ይዛችሁ በውስጡ «ኡ» እያላችሁ ድምፁን ከዝቅታ ወደ ከፍታ፣ ከከፍታ ወደ ዝቅታ አንሸራትቱ። የድምፅ ሐኪሞችም ለታካሚዎቻቸው የሚያዙት ቀላል ልምምድ ነው።

4. ለ5 ደቂቃ ከቃዒዳ ወይም ከጁዝ ዐምማ አጭር ሱራ በራሳችሁ ቦታ፣ በዝግታ አንብቡ።

5. በቀሪው ጊዜ ንባባችሁን በሞባይል ቀድታችሁ አዳምጡ። አንድ ስሕተት ብቻ ምረጡና ነገ እርሱን አርሙ። ያላወቃችሁትን ስሕተት ሞባይሉ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ኡስታዝ ፊት ቅረቡ።

በልምምድ ጊዜ ድካም ያለ ነው። ሕመም ግን የማቆም ምልክት ነው።

አማናውን መጠበቅ

ሰውነታችን አማና ነው፤ ድምፃችንም ከእርሱ ነው። ሻይ በማርና በዝንጅብል መጠጣት ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ይሁንና የምንውጠው ነገር የሚያልፈው በምግብ መውረጃ ስለሆነ የድምፅ አውታሮቹን በቀጥታ አይነካም። እነርሱን የሚያረጥበው ቀኑን ሙሉ የምንጠጣው ውኃ ነው። በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውኃን ከፋፍሎ መጠጣት ይጠቅማል። በሌሊት ጠግቦ በልቶ ወዲያው መተኛት ቃር ያመጣል፤ ቃር ወደ ላይ ሲወጣም የጠዋት ድምፅ ይሻክራል። ሲጋራ የድምፅ አውታሮችን ይጎዳል። ጫትም አፍንና ጉሮሮን ያደርቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ እየቃሙ ድምፅ ማውጣት ጉዳቱን ያብሳል።

ድምፅ ማጉያ ባለበት መስጂድ ሙአዚኑ መጮህ አያስፈልገውም፤ ማይክሮፎኑ ሥራውን ይሥራ። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግም አውታሮቹን ያጋጫል፤ በምትኩ አንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ይሻላል። ድምፅ ሲዘጋ ማረፍ ነው፤ እየታገሉ በሹክሹክታ ማውራትም ድካም እንጂ ዕረፍት አይደለም። ጉንፋን ሳይኖር የድምፅ መሻከር ከ3 እስከ 4 ሳምንት ከቆየ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ደም ከታየ ወይም ሰውየው አጫሽ ከሆነ ደግሞ ቀን መቁጠር አያስፈልግም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በየቤታችን ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ እንመድብ። ልጅ ያንብብ፣ አባትም ያንብብ፣ እናትም ታንብብ። የተሳሳተውን ያወቀው ያርመው፤ ማንም በማንም ድምፅ አይሳቅ። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ሲማር ማየታቸው ራሱ ትምህርት ነው። «ድምፄ አይሆንም» ብሎ የኖረ ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢለማመድ በመጪው ረመዳን ቤተሰቡን ኢማም ሆኖ ሲያሰግድ ፋቲሓን ያለ ጭንቀት ይደርሳታል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) ቁርኣንን የልባችን ብርሃን፣ የምላሳችን ልምድ ያድርግልን። የሰጠንን ድምፅም እርሱ በሚወደው ነገር ላይ የምናውል ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።